ጂሜይሉን የከፈተው ማን ነው?



በደሴ ፒያሳም ሆነ በኮምቦልቻ ዋና መንገድ ዳር አዲስ ስልክ የሚገዛ ሰው አንድ ጥያቄ ሳይጠየቅ ከሞባይል ቤት አይወጣም። «ጂሜይል አለህ?» ይለዋል ሻጩ። ገዢው «የለኝም» ይላል፤ ወይም «ነበረኝ፣ ግን ጠፍቶብኛል»። ከመስታወቱ ጀርባ የቆመው ልጅ ነገሩን አያከብደውም። የካርቶኑን ፕላስቲክ ይቀድዳል፣ ስልኩን ከቤቱ ዋይፋይ ጋር ያገናኛል፣ የገዢውን ስም በላቲን ፊደል እንደመሰለው ይጽፋል። የልደት ቀን ሲመጣ ጣቱ ያረፈበትን ዓመት ይመርጣል። የይለፍ ቃሉን ስምና አንድ ሁለት ሦስት አራት ያደርገዋል። ስልክ ቁጥር አስገባ ሲባል አንዳንዴ የገዢውን፣ መልእክቱ ቶሎ አልገባ ካለው ደግሞ የራሱን ያስገባል። ፕሌይ ስቶር ይከፈታል፣ ቴሌግራምና ቲክቶክ ይወርዳሉ፣ ሒሳብ ይከፈላል፣ ሰውዬው መርቆ ይወጣል።

ልጁ በቅንነት ነው የሠራው። ወረፋ አለበት፤ ገዢውም ቸኩሏል። ነገር ግን በዚያች አጭር ጊዜ ውስጥ በአንድ ሰው ስም አንድ አድራሻ ተከፍቷል፣ ባለስሙም ቁልፉን አይቶት አያውቅም።

ጣጣው የሚመጣው ከሁለት ከሦስት ዓመት በኋላ ነው። ስልኩ ወድቆ ስክሪኑ ይረግፋል፣ ወይም ገበያ ውስጥ ይሰረቃል፣ ወይም ባለቤቱ ደህና ካሜራ ያለው ሌላ ስልክ ይገዛል። አዲሱ ስልክ ኢሜይሉን ሲጠይቅ ባለቤቱ የይለፍ ቃሉ ይቅርና አድራሻውን ራሱን በትክክል አያውቀውም። ወሎ ውስጥ መሐመድ የሚባል ሰው ብዙ ነው፤ ስሙ በላቲን ፊደል የሚጻፍበት መንገድም እንዲሁ ብዙ ነው። በኦ ነው ወይስ በዩ? ኤም ሁለት ነው አንድ? መጨረሻው ላይ ያለው ቁጥር 21 ነው 12? አንዷ ፊደል ከተሳተች የተከፈተው የሌላ ሰው በር ይሆናል፣ ወይም «እንዲህ ያለ መለያ የለም» የሚል መልስ ይመጣል።

የዛሬው ዲስኩር የሚያነሳው ይህንኑ ነው፤ ስልክ ሲቀየር ኢሜይል እንዴት ተመልሶ ይገኛል? መልሱ በከፊል ቴክኒክ ነው። የሚበዛው ግን ኢሜይሉ በተከፈተበት ቀን ማን ምን ጻፈ በሚለው ላይ የተመሠረተ ነው።

አስቀድሞ የሚያጽናናው ይነገር። ደብዳቤዎቹ ስልኩ ውስጥ አይኖሩም። በኢትዮጵያ ፖስታ አሠራር ደብዳቤ በአብዛኛው በየቤቱ አይታደልም፤ ፖስታ ቤት ባለው ቁጥር በተሰጠው ሣጥን ውስጥ ገብቶ ባለቤቱን ይጠብቃል። ባለሣጥኑ ደሴ ውስጥ ከሆጤ ሰፈር ወደ ሮቢት ቤት ቢቀይር ሣጥኑ አብሮት አይሄድም፣ ቁልፉ በእጁ እስካለ ድረስም ምንም አይጎድልበትም። ጂሜይል፣ ያሁና አውትሉክ የሚሠሩት በዚሁ መንገድ ነው። ደብዳቤው ያለው በኩባንያው ሰርቨር ላይ ሲሆን ስልኩ የሚያሳየው ቅጂውን ነው። ስለዚህ «ስልኬ ከነኢሜይሌ ተሰረቀ» የሚል ሰው ስልኩን እንጂ ኢሜይሉን አላጣም። ከስልኩ ጋር የሄደበት መግቢያው ነው፤ ሊያስመልሰው የሚገባውም እሱን ነው።

በሩ እንዲህ የጠበቀው ደግሞ በምክንያት ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 ያሁ ላይ በደረሰው ዘረፋ የ3 ቢሊዮን መለያዎች መረጃ እንደተወሰደ ኩባንያው ከአራት ዓመት በኋላ አመነ። በዓለም ላይ የነበረ የያሁ ተጠቃሚ በሙሉ ማለት ነው፤ በ1990ዎቹ ዓ.ም. በኢንተርኔት ካፌ ወረፋ ጠብቆ የመጀመሪያ አድራሻውን የከፈተው ኢትዮጵያዊም ከዚያ ውጭ አልነበረም። የይለፍ ቃል ብቻውን እንደማይበቃ ከዚህና ከመሰል ጥቃቶች ታየ። ጉግል እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው ጥናት መሠረት በስልክ የሚላክ ኮድ ተጨማሪ ማረጋገጫ ሲሆን በጅምላ ከሚሰነዘሩ የማስገር (በሐሰተኛ መልእክት የይለፍ ቃል የመንጠቅ) ጥቃቶች 96 በመቶውን ያከሽፋል። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2021 ከ150 ሚሊዮን በላይ ሰዎችን ራሱ ወደ ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫ አስገባቸው፤ ከእነሱ መካከል የተጠለፉት መለያዎችም በግማሽ ቀነሱ። ለብዙው ሰው ይህ ትልቅ ጥበቃ ነው። ኢሜይሉ በሌላ ሰው ቁጥር ለተከፈተበት ሰው ግን ዘቡ ባለቤቱን ራሱን ከበር ይመልሰዋል።

በደሴም በኮምቦልቻም የተለመደ አንድ የግዢ መንገድ አለ፤ አሮጌውን ስልክ ሰጥቶ ልዩነቱን ጨምሮ ሌላ መውሰድ። ቴክኖ ሰጥቶ ሳምሰንግ መቀበል ለኪስ የሚስማማ ንግድ ነው፣ የሚነቀፍም አይደለም። አደጋው ያለው ቅደም ተከተሉ ላይ ነው። ሻጩ አሮጌውን ተቀብሎ ወዲያው ፎርማት ያደርገዋል። ከዚያ አዲሱ ላይ የኢሜይሉ አድራሻና የይለፍ ቃል ሲገባ ስክሪኑ ላይ «በሌላው ስልክህ ላይ አዎ የሚለውን ንካ» የሚል ጽሑፍ ይወጣል። ሌላው ስልክ ባዶውን ሆኖ መስታወቱ ውስጥ ለሌላ ገዢ ተደርድሯል። አዎ ብሎ የሚመልስ የለም። ሁለቱ ስልኮች ጎን ለጎን ሆነው ኢሜይሉ በአዲሱ ላይ ተከፍቶ፣ ደብዳቤዎቹ ታይተው፣ የስልክ ቁጥሮቹ ዝርዝር መግባቱ ተረጋግጦ አሮጌው ቢሰጥ ኖሮ ሥራው በጥቂት ደቂቃ ያልቅ ነበር። ገዢው ሒሳቡን ከመክፈሉ በፊት ይህን ቢጠይቅ መብቱ ነው፤ ደህና ሻጭም አይቆጣም።

አሮጌውን ለሚሸጠውም ሌላ ነገር አለ። እ.ኤ.አ. ከ2015 ወዲህ በወጡት አንድሮይዶች ላይ ስልኩ መለያው ሳይወጣ በግድ ፎርማት ከተደረገ፣ ሲነሳ የቀድሞውን ባለቤት መግቢያ ይጠይቃል። ጠጋኞች «ጂሜይል ሎክ» የሚሉት ይህንን ነው። ሌባን ተስፋ ለማስቆረጥ የተበጀ ነው፣ ግን የሚያዘው ሌባን ብቻ አይደለም። ስልኩን በሐቅ የገዛ ሰው በማግስቱ ለሻጩ ይደውላል፤ «ወንድሜ፣ ጂሜይልህን ንገረኝ እንጂ ስልኩ አልከፈት አለኝ» ይለዋል። የዋሁ ሻጭ አድራሻውንና የይለፍ ቃሉን በስልክ ፊደል በፊደል ያነብለታል። በዚህ ጊዜ የሸጠው ስልኩን ብቻ አይሆንም። ፎቶዎቹ፣ የስልክ ቁጥሮቹ፣ በዚያ ኢሜይል የተከፈቱት ፌስቡክና ሌሎች መለያዎች ሁሉ ለማያውቀው ሰው ወለል ብለው ተከፍተዋል። መፍትሔው ከሽያጩ በፊት በስልኩ ቅንብሮች ውስጥ «መለያዎች» ወደሚለው ገብቶ ኢሜይሉን ማስወገድና ከዚያ ማጽዳት ነው። መለያው የወጣለት ስልክ ለገዢው ምንም አይጠይቅም።

አሁን ወደ ከባዱ ጉዳይ እንምጣ፤ ወደ ስልክ ቁጥሩ። ደቡብ ወሎ ልጆቿን ወደ ዓረብ አገር በብዛት የምትሰድ ምድር ናት። ከሐይቅ፣ ከኩታበር፣ ከሐርቡና ከቃሉ ገጠር የወጡ ሴቶች ጅዳና ሪያድ፣ ቤይሩትና ዱባይ በሰው ቤት ሲሠሩ የመጀመሪያ ዘመናዊ ስልካቸውን የገዙት እዚያው ነው፣ ኢሜይላቸውም የተከፈተው በዚያ አገር ቁጥር ነው። እ.ኤ.አ. ከ2013 መጨረሻ ጀምሮ ባሉት ጥቂት ወራት ሳዑዲ ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያንን መለሰች። በመጋቢት 2014 ዓ.ም. ደግሞ 100,000 ገደማ የሚሆኑትን ለመመለስ በተደረሰው ስምምነት በረራ ተጀመረ። ከተመለሱት ውስጥ ብዙዎቹ ንብረታቸውን ጥለው በላያቸው ላይ ባለ ልብስ ነው ቦሌ የወረዱት።

እንዲህ የተመለሰች ሴት ደሴ ገብታ ስልክ ስትገዛ አድራሻዋን ታስታውስ ይሆናል፤ የይለፍ ቃሉንም ታውቀው ይሆናል። ስክሪኑ ግን «በ23 ወደሚያልቀው ቁጥር ኮድ ልኬያለሁ» ይላታል። ያ ቁጥር የጅዳው ነው፤ ሲሙም እዚያው ቀርቷል። ኢሜይሉ ውስጥ ያለው የዓመታት ፎቶ፣ የላከችው ገንዘብ ደረሰኝ፣ ከአሠሪዋ ጋር የተጻጻፈችው ለቀረ ደመወዝ ክርክር የሚሆን ማስረጃ ነው። ለእሷ የኢሜይል መመለስ የፍትሕ ጉዳይም ነው።

ሌላም አለበት። ለረጅም ጊዜ ያልተሠራበት ቁጥር ተሰርዞ ለሌላ ደንበኛ ይሰጣል። በአሜሪካ የፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2021 ለአዲስ ደንበኞች ለመስጠት የተዘጋጁ 259 ቁጥሮችን ሲመረምሩ 171ዱ ከቀድሞ ባለቤቶቻቸው መለያዎች ጋር አሁንም የተያያዙ ሆነው አገኟቸው። የጅዳው ቁጥር ነገ የማን እጅ ላይ እንደሚወድቅ የሚያውቅ የለም። ከውጭ የሚመለስ ሰው ሻንጣውን ከመዝጋቱ በፊት፣ የሳዑዲው ሲም ገና በእጁ ሳለ፣ የማገገሚያ ቁጥሩን፣ ማለትም ኮዱ የሚላክበትን፣ ወደ አገር ቤት የቅርብ ዘመድ ቁጥር ቢያዛውር ይህ ሁሉ ባልመጣ ነበር። የሚሄዱትን የሚያሰለጥኑ ተቋማት ይህን ሰዓት የማይፈጅ ነገር ትምህርታቸው ውስጥ ቢያስገቡት ለብዙ ሴቶች ውለታ ይሆናል።

የአገር ቤት ሲም ለጠፋበት ሰው ግን መንገዱ አጭር ነው። ቁጥሩ በራሱ ስም ከተመዘገበ መታወቂያ ይዞ ወደ ሲሙ ኩባንያ ሄዶ ያንኑ ቁጥር በምትክ ሲም ያወጣል። ኢሜይሉን ከመነካካቱ በፊት መጀመሪያ የሚደረገው ይህ ነው። እዚህ ላይ የሚያጨናንቀው ሲሙ በወንድም፣ በባል ወይም በአከራይ ስም ሲሆን ነው። ከጥቅምት 2014 ዓ.ም. መጨረሻ እስከ ኅዳር መጨረሻ ደሴና ኮምቦልቻ በጦርነት ሲያዙ፣ ኔትዎርክ ሲቋረጥ፣ ሕዝቡ ልጁን አዝሎ በእግር ሲሰደድ፣ ስልክ የተቀማና የጣለ ብዙ ነበር። ከተማው ሲረጋጋ ተመልሶ ቁጥሩን ያወጣው በራሱ ስም የተመዘገበለት ነው።

የኔትዎርክ መቋረጡ ሌላም ትምህርት አለው። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮም የአማራ ክልል ተንቀሳቃሽ ኢንተርኔት ለወራት ተዘግቶ ኢሜይሉን ማየት የሚችለው ዋይፋይ ያለበት ቢሮ ወይም ሆቴል የደረሰ ብቻ ሆኖ ነበር። ኔትዎርክ እንዲህ በሚቆራረጥበት አገር የማረጋገጫ ኮድን በአጭር መልእክት ላይ ብቻ ማንጠልጠል አያስተማምንም። ሁለት አማራጮች አሉ። አንደኛው ኮድ የሚያመነጭ መተግበሪያ ነው፤ የጉግል ኦተንቲኬተር ወይም መሰሉ። መተግበሪያው በስልኩ ውስጥ ካለው ምስጢርና ከሰዓቱ ተነስቶ በየ30 ሰከንዱ አዲስ ኮድ ይሠራል፣ ለዚህም ኔትዎርክም ሲምም አያስፈልገውም። ጉድለቱ ከስልኩ ጋር አብሮ መጥፋቱ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ2023 ወዲህ በጉግል መለያ ላይ ቅጂ ማስቀመጥ ቢቻልም፣ የተዘጋው ያ መለያ ራሱ ከሆነ አይረዳም።

ሁለተኛው የመጠባበቂያ ኮድ ነው፣ ለወሎ ሰው የሚመከረውም ይህ ነው። በጉግል መለያ ቅንብር «ደህንነት» ከሚለው ሥር ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫ ውስጥ ሲገባ 10 ኮዶች ይሰጣል፣ እያንዳንዱ 8 አሃዝ አለው። አንዱ ኮድ የሚሠራው አንድ ጊዜ ነው። በወረቀት ተጽፎ የቤት ካርታና የልደት ካርድ ከሚቀመጥበት ቦታ ይቀመጣል። ስልክ ቢሰረቅ፣ ሲም ቢጠፋ፣ ኔትዎርክ ቢቆም ያች ወረቀት በሩን ትከፍታለች። ስልኩ ውስጥ ፎቶ አንስቶ ማስቀመጥ ግን ከንቱ ነው፤ ስልኩ ሲሄድ እሷም ትሄዳለች።

ይህ ሁሉ ሳይደረግ በር ለተዘጋበት ሰው፣ የጉግል መለያ ማገገሚያ ገጽ አለ። እዚያ ላይ የሚረዱ ነገሮች በሰው ዘንድ እምብዛም አይታወቁም። ሙከራው ሰውዬው ኢሜይሉን ዘወትር ይከፍትበት ከነበረው ቦታና ዋይፋይ ቢሆን፣ ኢሜይሉ ከዚህ በፊት ተከፍቶበት በሚያውቅ የቢሮ ኮምፒውተር ወይም በእህት ስልክ ቢሆን ተሰሚነቱ ይጨምራል። የአሁኑ የይለፍ ቃል ካልታወሰ የሚታወሰውን የቀድሞውን መጻፍ ከባዶ ይሻላል። ሌባ ገብቶ የማገገሚያውን ቁጥር ቀይሮት ከሆነ ጉግል ለ7 ቀናት ወደ ቀድሞው ቁጥር ኮድ ሊልክ ይችላልና መፍጠን ያስፈልጋል። አውትሉክና ሆትሜይል ደግሞ በፎርም ይጠይቃሉ፤ ስም፣ የልደት ቀን፣ የቆዩ የይለፍ ቃሎች፣ በቅርብ የተላኩ ደብዳቤዎች ርዕስ። ሞባይል ቤት ጣት ያረፈበት የልደት ዓመት ዋጋ የሚያስከፍለው እዚህ ላይ ነው። በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተመዘገበ ከሆነም ሰውዬው በፈረንጅ ሲመልስ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ይፋለሳል። ሁለቱንም መሞከር አያሳፍርም።

በቴሌግራም «የጠፋ ጂሜይል እናስመልሳለን» እያሉ ብር የሚቀበሉትን በተመለከተ ነገሩ አጭር ነው። ለነፃው ጂሜይል እንዲህ ያለ ወኪል የለም። እነዚህ ሰዎች በመጨረሻ የሚጠይቁት በስልክ የገባውን ኮድ ነው፤ ኮዱን የሰጠ ሰው መለያውን በእጁ አስረክቧል።

«እኔ ኢሜይል አልጠቀምም፣ ቴሌግራም ይበቃኛል» የሚል ሰው ብዙ ነው። ከሆጤ ሁለተኛ ደረጃ 12ኛ ክፍልን ጨርሶ የውጭ ትምህርት ዕድል የሚያመለክት ልጅ፣ በኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሥራ ለመቀጠር የትምህርት ማስረጃውን የሚልክ ምሩቅም ፎርሙ ላይ ኢሜይል ይጠየቃል፣ መልሱም ወደዚያው ይመጣል። ከሁሉ የሚያሳዝነው ተቀባይነት ያገኘበት ደብዳቤ ማንም በማይከፍተው አድራሻ ተቀምጦ ቀኑ የሚያልፍበት ልጅ ነው። አስተማሪ የመማሪያ ክፍለ ጊዜ ከፍሎ እያንዳንዱ ተማሪ አድራሻውን በራሱ እጅ እንዲከፍት፣ የማገገሚያ ቁጥሩም የወላጁ እንዲሆን ቢያደርግ ከብዙ የኮምፒውተር ትምህርት ይበልጣል።

ጊዜም ይቆጥራል። ጉግል እ.ኤ.አ. በግንቦት 2023 ባወጣው ደንብ ለሁለት ዓመት ያልተከፈተ የግል መለያ ከነደብዳቤውና ከነፎቶው ሊሰረዝ ይችላል፤ ስረዛው የተጀመረው በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ነው። ማይክሮሶፍትም ሁለት ዓመት ይጠብቃል። ያሁ ደግሞ ከ12 ወር በላይ ያልተከፈተውን ሣጥን ባዶ ያደርጋል።

ሁሉም ተሞክሮ ያልተከፈተ አድራሻ ሲኖር አዲስ መክፈት ግድ ነው። የዚያን ዕለት የሚሠራው ሥራ አዲሱን አድራሻ ለባንክ፣ ለዩኒቨርሲቲው፣ ለቀጣሪው ማሳወቅና በብሔራዊ መታወቂያው በፋይዳ ላይ የተመዘገበው ስልክ ቁጥር የሚሠራ መሆኑን ማረጋገጥ ነው፤ ፋይዳም ማረጋገጫ ኮዱን የሚልከው ወደዚያ ነው። የድሮው ጂሜይል ከተሰረዘ በኋላ ያንኑ አድራሻ ጉግል ለሌላ ሰው አይሰጥም። ስለዚህ በዚያ ስም ሌላ ሰው ይጽፋል ብሎ መስጋት አያስፈልግም። ወዳጅ ዘመድ ግን አድራሻው መቀየሩን በስልክ ይነገረው፤ ካልሰማ ለወራት ማንም ወደማይከፍተው ሣጥን ሲጽፍ ይኖራል።